በዛብህ ፈሪ ነበር?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

«ሰላም ቲቸር። የ17 ዓመት ልጅ ነኝ። የምኖረው ደሴ ነው። 11ኛ ክፍል ነኝ፤ የተፈጥሮ ሳይንስ።

«የአማርኛ መምህራችን የሐዲስ ዓለማየሁን ‹ፍቅር እስከ መቃብር› አንብበን ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ እንድንጽፍ አዘዘን። እኔ በዛብህን መረጥኩ። ‹ፈሪ ነው› ብዬ ጻፍኩ። እናቱ ገና ልጅ ሳለ ለቤተ ክርስቲያን ተሳለችው። ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን ያገለግላል ብላ ቃል ገባችለት። እሱም ተቀብሎ ሄደ። ‹ለምን እምቢ አላለም?› እያልኩ ሁለት ገጽ ሙሉ ወቀስኩት። ከ10 አስር አገኘሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱም እኔም እምቢ ብዬ አላውቅም።

«የቤት ስሜ ምትኬ ነው። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ሞተዋል። እናቴ እኔን ስታረግዝ ግሸን ማርያም ሄዳ ተሳለች። ጥላ አስገባለሁ አለች፤ አስገባች። ‹ካደገችልኝ ደግሞ ሐኪም ትሆናለች፤ የድሃ ልጅ ታክማለች› አለች። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሱቅ ስላክ ‹ዶክተሬ› ነው የሚሉኝ። ባዮሎጂ 54 አምጥቼ ለማንም አልተናገርኩም።

«እኔ የምወደው ጂኦግራፊ ነው። እኛ ዘርፍ ውስጥ ደግሞ የለም። ካርታ መሳል እወዳለሁ። የበዛብህን መንገድ ከማንኩሳ ዲማ፣ ከዲማ አዲስ አበባ፣ ደብተሬ ላይ ስዬዋለሁ። ወንዙን በሰማያዊ፣ ዳገቱን በቡናማ። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ዲማ ደግሞ ወደ ቢቸና በኩል መሆኑን ከትልቁ ካርታ ላይ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ዓባይ በረሃ ስደርስ ሰማያዊው እስክሪብቶ አለቀብኝ። በእርሳስ ጨረስኩት።

«በዛብህ ፈሪ ነበር? እኔስ?»

ምትኬ፣ ከደሴ

መልስ

ምትኬ ልጄ፤ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው። የእናትሽን ስለት በአራት አጫጭር መስመር ጨረስሽው። ካርታውን ግን ከነእስክሪብቶው ነገርሽኝ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በዛብህ ፈሪ አልነበረም።

31 ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ አንቺ የጻፍሽውን ይናገራል። «ቲቸር፣ ለምን ዝም ብሎ ተሸከመ?» ይላል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ጠያቂው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዘለዋል። ሸክሙ ከማን እጅ እንደመጣ አያይም።

ትእዛዝ ቢሆን ይቀል ነበር። የታዘዘ ልጅ ያኮርፋል፤ ይጠፋል፤ ቢያንስ በሆዱ ይራገማል። በዛብህ ላይ የተጫነው ትእዛዝ አይደለም፤ ፍቅር ነው። እናቱን ውድነሽን አስቢያት። ከቦጋለ በፊት ባል ሞቶባታል። ሞት ደጇን ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ልጅ አገኘች፤ እሱም በሽተኛ ሆነ። አሁንስ ሊሄድብኝ ነው ስትል ተሳለች። ያንን ቃል የተናገረችው ልጇን ለመጉዳት አስባ አይደለም። እንዲቆይላት ብላ ነው። ለእሷ ስለቱ የልጇ ትንፋሽ ነው።

እንግዲህ ይህ ልጅ «እምቢ» ሲል ምን ማለቱ ነው? «የሰጠሽኝን ትንፋሽ መልሰሽ ውሰጂ» ማለቱ ነው። በዚያ ላይ አማኝ ልጅ ነው። ስለት ቢፈርስ በእሱ ወይ በወላጆቹ ላይ የሚመጣውን ይፈራል። ይህን ፍርሃት እንደ ድክመት አትቁጠሪበት። ውለታና ፍርሃት በአንድ ገመድ ሲታሰሩ ገመዱን ከየት እንደሚፈቱት ትልቅ ሰውም አያውቅም። እሱ ደግሞ ልጅ ነው።

ስሙንም እይው። በ-ዛ-ብ-ህ። ደራሲው ይህን አስበው ይሆን አይሆን፣ እኔ ግን ስሙን ባነበብኩ ቁጥር እንደ ዐረፍተ ነገር ነው የሚሰማኝ። ሸክሙ በዛብህ፤ ሐሳቡ በዛብህ፤ የሚጠብቅብህ ሰው በዛብህ።

እኛ አገር ስም ራሱ ሸክም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ ምትኩ እንለዋለን። ማስረሻ እንላለን። ካሳሁን እንላለን። ተካልኝ እንላለን። ልጁ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ የሌላ ሰው ቦታ ይሰጠዋል። ማንም በክፋት አያደርገውም። ጡቷ ወተት ሞልቶ የሚጠባ ያጣች እናት «ማስረሻ» ብትል ማን ይፈርድባታል? ልጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሊያስረሳ ይሞክራል። አንቺም «የቤት ስሜ ምትኬ ነው» ስትይኝ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ።

የኔ ታናሽ ወንድም ስሙ ማስረሻ ነው።

ያደግነው ደብረ ማርቆስ ነው። በ1970ዎቹ ወጋየሁ ንጋቱ ይህንን ልብ ወለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አክስቴ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ሬዲዮው የቆዳ ልብስ ነበረው። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ማታ ይሠራል። ወጋየሁ የፊታውራሪ መሸሻን ድምፅ ሲያወጣ ሕፃናቱ እናታቸው ቀሚስ ሥር ይገባሉ። ሴቶቹ ለሰብለ ወንጌል ያለቅሳሉ። እኔም ለሰብለ አለቀስኩ። ማስረሻ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ይቀመጣል። አያለቅስም፤ አይስቅም። ሳያልቅ ተነስቶ ይወጣል። ግድ የሌለው ልጅ መስሎኝ ነበር።

እናታችን ተስላው ነበር። ከእሱ በፊት መንታ ሞተውባታል። «ይህን ካቆየህልኝ ያንተ ነው» አለች። ስለዚህ በ14 ዓመቱ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ቅኔ ቤት ሄደ። ለመነ፤ ውሻ ነከሰው፤ ተራበ፤ ተማረ። ጎበዝም ነበር። 17 ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን ከቅኔ ቤት ጠፋ። ሦስት ወር የት እንዳለ አላወቅንም። ኋላ ላይ አንድ ሰው የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ደጀን ላይ አየሁት አለ።

እናቴ አልጮኸችም። ነጠላዋን ለብሳ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። ምን እንዳሉዋት ሙሉውን አልሰማሁም። የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው። «ስለቱን የገባሽው አንቺ ነሽ፤ ክፈይ ከተባለም ከፋይዋ አንቺ ነሽ» አሏት። ሁለት ዓመት ጥጥ ፈትላ፣ ሸማኔ ቀጥራ ለቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ አሠርታ ሰጠች። ማስረሻ ለፋሲካ ሲመጣ እግሯ ላይ ወደቀ። እሷ መጀመሪያ የጠየቀችው «በልተሃል?» ብላ ነው።

እስከ ጡረታው ከባድ መኪና ነዳ። አሁንም ስልክ ሲደውልልኝ አንዳንዴ ጉባኤ ቃና የሚባለውን ሁለት ቤት ቅኔ ያሰማኛል። ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን እየያዘ የቆጠረው ነው ይለኛል። የቅኔ ቤቱ ዓመታት ባክነውበታል ትያለሽ? እኔ አልልም።

አሁን ወደ በዛብህ ልመልስሽ፤ ማስተዋል ያለብሽ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። የበዛብህ መንገድ የተቀየረው አንድ ቀን ተነስቶ «እምቢ» ስላለ አይደለም። እስኪ በካርታሽ ላይ ተከተይው። ስለቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላከው። ትምህርቱ ቅኔ አዋቂ አደረገው፤ ዲማ አደረሰው። አዋቂነቱ ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ደጃፍ አስከፈተለት። የአሽከር ልጅ ሆኖ በዚያ ደጅ የሚገባበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። የፊታውራሪውን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ስለቱን ሊያፈርስ የሚችለው ፍቅር ጋር ያደረሰው ራሱ ስለቱ ነው! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አሮጌው መንገድና አዲሱ መንገድ የሚለያዩበትን ድንጋይ ፈልገሽ አታገኚውም። አንዱ ሌላውን ወልዶት ነው የምታገኚው።

ደራሲው ይህን ከሩቅ አይደለም ያወቁት። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው የጎጃም ልጅ ናቸው። የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል። ኋላ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያ ጦርነት፤ ጣሊያን አገር እስረኝነት፤ ዲፕሎማትነት። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜያቸው 50ዎቹ አጋማሽ ሲደርስ። ያ የልጅነት የቅኔ ቤት ትምህርት በመጽሐፉ ገጽ ሁሉ ላይ አለ። አልጣሉትም።

አንቺም ባዮሎጂውን እንደ ጠላት አትይው።

ስለ 54ቱ ልናገር። የከበደሽ ውጤቱ አይመስለኝም። የከበደሽ መደበቁ ነው። በዛብህ ውስጥ እኔን የሚያመኝ ነገር ስለቱ አይደለም፤ ዝምታው ነው። ያን ሁሉ ተሸክሞ፣ ከጉዱ ካሳ በቀር ይህ ነው የሚባል የልብ ወዳጅ አላይለትም። ያንም ያገኘው አድጎ ነው። በልጅነቱ፣ ሸክሙ ገና ትከሻው ላይ ሲወጣ፣ «ከበደህ ወይ?» የሚለው ሰው ቢኖር እያልኩ አስባለሁ።

ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪ። በጩኸት አይሁን፤ እንግዳ ባለበትም አይሁን። ቡና አፍልታ ብቻዋን የምትሆንበትን ሰዓት አንቺ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ስለ ትምህርት አታንሺ። ስለሞቱት ሁለቱ ልጆች ጠይቂያት። ስማቸው ማን ነበር? ማንን ይመስሉ ነበር? በምን ታመሙ? ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ያስኬድ ነበር? አንቺ ምትካቸው ነሽ፤ ግን እነሱን ታውቂያቸዋለሽ? ደብዳቤሽ ላይ ስማቸው የለም። እናትሽ ለ17 ዓመት ስለ እነሱ የሚጠይቃት ሰው ሳታገኝ ቀርታ ይሆናል። ታለቅሳለች። አልቅሰሽ አብረሻት ተቀመጪ። «ሐኪም ትሆናለች» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ይገባሻል። እሷም አንቺን ከእነሱ ለይታ ማየት ትጀምር ይሆናል።

በሌላ ቀን፣ በዚያው ቀን አይደለም፣ 54ቱን ንገሪያት። ከዚያ ካርታውን አውጥተሽ አሳዪያት። ግሸንን አሳዪያት። መስከረም 21 እሷ በእግሯ የወጣችውን ዳገት በቡናማ ሳዪው።

አንድ ታሪክም አለኝ። ለማግባቢያ ብዬ አይደለም የምነግርሽ፤ እውነት ስለሆነ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሶሆ የሚባል ሰፈር ኮሌራ ገባ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሞቱት ሰዎች የት የት ይኖሩ እንደነበር አጣራ። ቤቶቹ አንዲት የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችተው አገኛቸው። የሰፈሩን ኃላፊዎች አሳምኖ የፓምፗን እጀታ አስነቀለ። ኋላም የሞቱትን አንድ በአንድ ካርታ ላይ ምልክት አደረገ። ያ ሰው ሐኪም ነው። ያየውን ለሌላው ያሳየበት መሣሪያ ግን ካርታ ነበር። ጤና ጣቢያ የት ይሠራ፣ መንገድ በየት ይውጣ፣ የትኛው ቀበሌ እናት አምስት ሰዓት ትሄዳለች የሚለው ሁሉ ካርታ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የእናትሽ ስለት «የድሃ ልጅ ታክማለች» ነው የሚለው። በየትኛው እጅሽ እንደሆነ ግን ገና አልተወሰነም። ሐኪምም ልትሆኚ ትችያለሽ፤ ላትሆኚም ትችያለሽ። ይህን ስትወስኚ ግን ሰፈር ውስጥ «ዶክተሬ» የሚለው ሰው ድምፅ ጆሮሽ ላይ አይሁን።

ዘርፍ መቀየር ከፈለግሽ ትምህርት ቤቱ እስከ መቼ እንደሚፈቅድ ከወዲሁ ጠይቂ። የክፍል ኃላፊ መምህርሽን አናግሪ። ይህ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ የሚቆይ ነገር አይደለም።

እናትሽ ስለቱ ፈረሰ ብላ ከፈራች ደግሞ ጉዳዩ የአንቺ አይደለም፤ የእሷና የንስሐ አባቷ ነው። አብረሻት ሂጂ፤ ደጅ ላይ ጠብቂያት።

አንቺም ፈሪ አይደለሽም። ፈሪ ብትሆኚ ኖሮ 10ሩን ተቀብለሽ ትተኚ ነበር።

ጥያቄ

«የተከበሩ መምህርት፤ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ሀዋሳ እኖራለሁ። የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ልኬልዎታለሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የ15 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ሳዑዲ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። እናቱ ታማለች። ልጁ ሁለት ታናናሾቹን ይዞ የቤት አባወራ ይሆናል፤ ትምህርቱንም ያቋርጣል። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ‹ሐዘኑ አይሰማም› አሉኝ። እኔ ግን ‹ልቡ ተሰበረ›፣ ‹እንባው እንደ ጎርፍ ወረደ› እያልኩ ጽፌአለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ

ልጄ፣ ልቡን ተወውና እጁን ጻፍልኝ።

የ15 ዓመት ልጅ «ልቤ ተሰበረ» ብሎ አያስብም። የሚያስበው ዘይቱ ነገ ያልቃል ብሎ ነው። ትንሿ እህቱ ጫማዋ ጠቧታል። አከራይዋ ዛሬ በር ላይ ቆመዋል። ከእሱ ቤት ማን ነው ቀድሞ የሚነሳ? እሳት ማን ያያይዛል? ትምህርት ያቋረጠ ቀን ደብተሩን የት አስቀመጠው? አልጋ ሥር ነው ወይስ ለእሳት ማያያዣ ገጹን ገነጠለው? የክፍል ጓደኞቹ ዩኒፎርም ለብሰው ሲያልፉ እሱ በየት በኩል ይዞራል? ይህን ጻፍ። እንባው አንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ እሱም ማንም በማያየው ቦታ።

ከላይ ለምትኬ ስለመለስኩት መጽሐፍ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሐዲስ ዓለማየሁ ታሪኩን በበዛብህ አልጀመሩም። በወላጆቹ፣ በቦጋለና በውድነሽ ጀመሩ። ልጁ ከመወለዱ በፊት እናትየዋ ምን እንዳጣች እናውቃለን። ስለዚህ ስለቱ ሲመጣ ማንም «ከባድ ነው» ሳይለን ክብደቱን እናውቀዋለን። ያንተ ልጅ አባት ግን ምዕራፍ አንድ ላይ ከመሄዱ በፊት አንድ ገጽ እንኳ የለውም። አባትየው አውሮፕላን ጣቢያ ሲሸኝ ለልጁ ምን አለው? «ቤቱን አደራ» ብሎት ይሆናል። ልጁ ለሦስት ዓመት የሚሸከማት ቃል ያቺ ናት። እሷን ከሰጠኸን ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ሌላው ስህተት መሰለኝ የምልህ መንገዱን በአንድ ሌሊት መቀየርህ ነው። ማታ ተማሪ፣ ጠዋት የቀን ሠራተኛ አድርገኸዋል። ልጅ እንዲህ አያቋርጥም። መጀመሪያ ሰኞ ይቀራል። ከዚያ ሰኞና ማክሰኞ። ከዚያ ፈተና ሲደርስ ይመጣል፤ ግማሹን ይሠራል። መምህሩ ስሙን ሲጠራ «አቤት» የሚል ሌላ ልጅ አለ፤ ጓደኛው። ከዚያ አንድ ቀን ያ ጓደኛውም ዝም ይላል። 31 ዓመት ስም ጠርቻለሁ። የሚቀር ልጅ ዝም ሲል ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ምዕራፍ ሦስትን ከነዚህ ነገሮች ጋር እንደገና ጻፈውና ላክልኝ። የእናቱን መድኃኒት ማን ገዝቶ እንደሚያመጣ፣ በምን ብር እንደሆነ፣ መልሱንም የት እንደሚደብቀው እንዳትረሳ።